ክርክር፦ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሰጠውን ድጋፍ መቼ ሊያቋርጥ ይገባል?

አወያይ፦
ዴቢያን በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ነጻ ስርዓተ ክወና ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13፣ 32 ቢት ብቻ ለሆኑ የቆዩ የፒሲ ፕሮሰሰሮች የሚሆን ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) ሆነ መጫኛ ይዞ አልመጣም። የ32 ቢት ፓኬጆች ጨርሰው ባይጠፉም የቀሩት በ64 ቢት ሲስተም ላይ የቆዩ ፕሮግራሞችን ለማስኬድ እንጂ አሮጌ ማሽን ለማስነሳት አይደለም። እንዲህ ያለ ውሳኔ ጊዜው ደርሷል የሚባለው በምን ተለክቶ ነው? በማሽኑ ዕድሜ፣ በተጠቃሚው ብዛት ወይስ በሌላ ነገር?

የላብ ኃላፊ፦
የምሠራው በአንድ የክልል ከተማ ትምህርት ቤት ነው። ላባችን ውስጥ በእርዳታ የመጡ 11 ኮምፒውተሮች አሉ፤ በሁሉም ላይ የ32 ቢቱ ዴቢያን 12 ተጭኗል። ተማሪዎቹ ጽሑፍ መተየብና ጥቂት ፓይተን ይማሩባቸዋል፤ ለዚህ ሥራ አንድም ቀን አላነሱንም። ነጻ ሶፍትዌር የመረጥነው የሚሠራ ዕቃ ያለጊዜው ጡረታ እንዳይወጣብን ብለን ነበር። በኦክቶበር 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ሲያበቃ «ሊኑክስ ጫኑበት» እያልን ስንመክር የነበርነውም እኛው ነን።

በአገራችን የታየ ምሳሌም ልጨምር። አረንጓዴና ነጩ የልጆች ላፕቶፕ፣ ኤክስኦ የተባለው፣ በሺዎች ተቆጥሮ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ጂኦድ ነው። ዴቢያን 11 ይህን ቺፕ ይደግፍ ነበር፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ግን ረጅም ኖፕ የሚባለውን ትእዛዝ የማያውቅ ፕሮሰሰር ላይ አይሠራም፣ ጂኦድ ደግሞ አያውቀውም። ኖፕ ማለት ፕሮሰሰሩ ምንም ሳይሠራ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ የሚያዝ ትእዛዝ ነው። ምንም አለመሥራትን በአዲሱ መንገድ ስላልተማረ ከአገልግሎት የተሰናበተ ማሽን ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
የላብ ኃላፊው ቅሬታ ይገባኛል፤ ሆኖም በቅድሚያ ድጋፍ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ መስማማት አለብን። ድጋፍ ማለት በድረ ገጽ ላይ «ይሠራል» ተብሎ መጻፉ ሳይሆን፣ አዲስ ኮድ በገባ ቁጥር በዚያው ዓይነት ማሽን ላይ አስነስቶ የሚያየውና ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው ከሌለ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

ማስረጃ አለኝ። ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር የደህንነት ክፍተት በጃንዋሪ 2018 ይፋ ሲሆን በሊኑክስ የ64 ቢት ከርነል ላይ መከላከያው ወዲያው ገባ፤ ለ32 ቢቱ ከርነል ግን የገባው በዚያው ዓመት ኦክቶበር በወጣው 4.19 ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ወራት ውስጥ 32 ቢት በወረቀት ላይ የሚደገፍ ነበር፤ ተጠቃሚውም ተጠብቄአለሁ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ድጋፉ ቀደም ብሎ በግልጽ ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ምን ላይ እንዳለ ያውቅ ነበር።

ሌላው የጊዜ ቆጠራው ነው። አሮጌው የ32 ቢት አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ ሰከንድ እየቆጠረ መጥቶ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ ይሞላል። ዴቢያን 13 ሌሎቹን የ32 ቢት ፕሮሰሰር ዓይነቶች ወደ ሰፊው ቆጠራ ሲያሻግር የፒሲውን ትቶታል፤ ምክንያቱም እሱ የቀረው የቆዩ ፕሮግራሞችን እንዲያስኬድ ስለሆነ፣ ቆጠራው ቢቀየር እነዚያው ፕሮግራሞች ይሰበራሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በአብዛኛው ያለ ክፍያ ከሥራ መልስ ማታ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን የጀመረው 386 ፕሮሰሰር ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ በ2012 መጨረሻ የ386 ድጋፍ ከከርነሉ ሲወጣ ግን ስሜታዊ እንዳልሆነ ተናግሮ በደስታ ሸኝቶታል። እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

የኮምፒውተር ጠጋኝ፦
ባለሙያዋ ስለ ሜልትዳውን ያሉት እውነት ቢሆንም አንድ ነገር አልፈዋል። በ2008 አካባቢ በብዛት በወጡት ትንንሽ ኔትቡኮች ውስጥ ያለው የኢንቴል አቶም ኤን270 ትእዛዞችን በተራቸው ብቻ የሚፈጽም ስለሆነ ክፍተቱ አይነካውም። ዛሬ 32 ቢት ብቻ ሆነው እጄ ላይ ከሚገቡት ማሽኖች አብዛኞቹ እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ማስረጃው ጠጋኝ ሰው መጥፋቱን ያሳያል እንጂ እነዚህ ማሽኖች አደጋ ላይ እንደነበሩ አያሳይም።

እኔን የሚያሳስበኝ የተጠቃሚ አቆጣጠሩ ነው። ዴቢያን ተጠቃሚውን የሚገምተው በከፊል ፖፕኮን በተባለ መቁጠሪያ ነው፤ እሱም የሚቆጥረው ፈቅዶ ያበራውንና በኢንተርኔት ሪፖርት የሚልከውን ብቻ ነው። ኢንተርኔት የሌለው ላብ በዚያ ሰንጠረዥ ላይ የለም። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ በጁን 2019 የ32 ቢት ፓኬጆችን ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ አላዘጋጅም ሲል፣ ስቲም በተባለው የጌም መደብር ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ስለጮሁ በሳምንት ውስጥ ሐሳቡን ለውጦ የተወሰኑትን ማዘጋጀቱን ቀጠለ። የጮሁት ባለ አዲስ ማሽኖች ነበሩ፤ የቆዩ ጌሞች 32 ቢት ስለሆኑባቸው ነው። አሮጌ ማሽን ያለው ሰው ዜናውን የሚሰማው ማሽኑ አልነሳም ሲለው ነው፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ።

ለላብ ኃላፊው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ማሽኖቹ በእርግጥ 32 ቢት ናቸው ወይስ የተጫነባቸው ሲስተም ነው 32 ቢት የሆነው? ራም ሲያንስ 32 ቢቱ ስለሚቀል ብዙ ሰው በ64 ቢት ፕሮሰሰር ላይ እሱን ይጭናል። ተርሚናል ከፍተው «ኤልኤስሲፒዩ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡና፣ የሲፒዩ ኦፕ ሞድ በሚለው መስመር ላይ 64 ቢት የሚል እንዳለ ይመልከቱ።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
ስለ አቶም የተሰጠውን እርማት እቀበላለሁ። ስለ አቆጣጠሩ ግን፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ውሳኔውን አይለውጠውም። አሥር ሺህ ተጠቃሚ ኖሮ አንድም ጠጋኝ ከሌለ ድጋፉ የሞተ ነው፤ ሃምሳ ተጠቃሚ ኖሮ ከመካከላቸው ሁለቱ ከርነል አጠናቅረው የሚሞክሩ ከሆነ ግን በሕይወት አለ። መለኪያዬ ይህ ነው። አሮጌ ማሽን ያለው ሰው ዜናውን ዘግይቶ ይሰማል በሚለው ግን ከጠጋኙ ጋር ነኝ፤ ማስታወቂያው ቀደም ብሎ፣ መጫኛው ራሱ ላይ ተጽፎ መውጣት ነበረበት።

የላብ ኃላፊ፦
ትናንት ከሰዓት በኋላ 11ዱንም አንድ በአንድ አየኋቸው። ሰባቱ 64 ቢት የሚችሉ ሆነው ተገኙ፤ እስካሁን አለማወቄ ትንሽ አሳፍሮኛል። ከሰባቱ ሦስቱ 1 ጊጋባይት ራም ብቻ ስላላቸው በምን እንደምሸፍነው አላወቅሁም። የቀሩት አራቱ ጠጋኙ የጠቀሱት ኤን270 ያላቸው ኔትቡኮች ናቸው።

ለአራቱ አሁንም ውሳኔውን ትክክል ነው ብዬ አልተቀበልኩም፤ የባለሙያዋ መለኪያ የሚሠራው ከርነል ማጠናቀር የሚችል ሰው በየከተማው ካለ ነውና። እኛ ጋ የለም።

የኮምፒውተር ጠጋኝ፦
አራቱን ለጊዜው ዴቢያን 12 ላይ ይተዉአቸው፤ የረጅም ጊዜ ድጋፉ በዕቅዱ እስከ ጁን 2028 ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ ላለው ኔትቢኤስዲ የተባለውን ሌላ ነጻ ስርዓተ ክወና ይመልከቱ፤ በ2024 የወጣው 10ኛው እትም 32 ቢት ፒሲን አሁንም ይደግፋል። ራሙን በተመለከተ የሦስቱን ማሽኖች ሞዴል ይላኩልኝ፤ የዲዲአር 2 ካርድ እዚህ ከተጣሉ ላፕቶፖች እየነቀልን የምናስቀምጠው አለ።

የላብ ኃላፊ፦
ሞዴላቸውን ዛሬ እልካለሁ። ኔትቢኤስዲን ቅዳሜ በአንዱ ኔትቡክ ላይ ጭኜ አየዋለሁ፤ መጀመሪያ የምፈትሸው በአማርኛ መተየብ መቻሉን ነው፤ እሱ ካልሆነ ለክፍል አይሆነኝም።