ልጁ ይዞት የመጣው ስም

ታናሽ እህቴ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ነው የምትኖረው። ከእሷና ከባሏ ጋር የ5 ዓመት ልጅ አለ። ወላጆቹ ከኮሎምቢያ ናቸው፤ ስሙ ማቴዎ ነው። ቤታቸው ከገባ ወራት አልፈዋል፤ አሁን ጉዲፈቻው ሊጸድቅ ነው። ባለፈው እሁድ ደወለችና «ዮናታን ልንለው አስበናል፣ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው። በየአገሩ ይሄ ጉዳይ የገጠማችሁ አትጠፉም።

እኛም ቤት ደርሷል። ልጃችንን እዚሁ አዳማ ስናመጣት 3 ዓመቷ ነበር። ስሟ ቦንቱ ነው። እኔና ባለቤቴ የምናወራው በአማርኛ ነው። አማቴ «ቤተልሔም በሏት፣ አዲስ ሕይወት ነው» አሉ። በፍቅር ነው ያሉት፣ እኛም እሺ አልን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቲ፣ ቤቲ ስንል ከረምን። ዞር አትልም። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቁጢጥ ብላ የፕላስቲክ ስኒዎቿን ታጥባለች። ሦስት ጊዜ ጠራኋት። ዝም። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ልጅ «ቦንቱ!» ሲል ስኒውን ጥላ ብድግ አለች። እጇ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ፊቷ በርቶ። ገብቼ አለቀስኩ። ከወለደቻት እናቷ የቀራት ያ ስም ብቻ ነበር፤ እሱንም ልንቀማት ነበር።

ቦንቱ በኦሮምኛ ኩሩ እንደማለት ነው። በአማርኛ የምንጠቀምበት «ጉዲፈቻ» ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ፣ ከማሳደግ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ቃሉን ተቀብለን የልጅቷን ስም መተው አላስቻለኝም። የአማቴም ምኞት ሜዳ ላይ አልቀረም። ክርስትና ስትነሳ ወለተ ማርያም ተባለች፤ እሳቸው ሲጸልዩላት በዚያ ስም ነው የሚጠሯት።

ወደ ማቴዎ ልመለስ። ማቴዎ እኮ የእኛው ማቴዎስ ነው! እናታችን በስልክ ማቴዎስ ብትለው ስሙን አልቀየረችበትም።

ከባዱ የአባት ስም ነው። እኛ ጋ ከልጁ ስም ቀጥሎ አባት፣ ከዚያ አያት ነው የሚመጣው። እዚያ ግን ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። የእህቴ ባል ካናዳ ሲገባ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ልጁ በዚያው ከተጻፈ፣ እዚህ ያለ ዘመድ የአያቱ ልጅ አድርጎ ያነበዋል፤ የአባቱ ስም የትም የለም። ስለዚህ የባልሽን ስም መሃል ላይ አስገቡት አልኳት። ማቴዎ፣ ከዚያ የባልሽ ስም፣ ከዚያ የአባቱ። ለካናዳ ሙሉ ስም ነው፣ ለአዳማም ትክክለኛ የትውልድ ሐረግ ነው። ይሄን ከጉዲፈቻው ጥያቄ ጋር አብራችሁ አቅርቡ። በኋላ ለስም ለውጥ ብቻ ማመልከት ሌላ ጣጣ ነው።

ኦንታሪዮ ውስጥ 12 ዓመት የሞላው ልጅ በጉዲፈቻው ስሙ የሚቀየር ከሆነ በጽሑፍ መስማማት አለበት። ማቴዎ ገና 5 ነው፤ ሕጉ አይጠይቀውም። እናንተ ግን ጠይቁት አልኳት። ማታ ስታስተኙት፣ ረጋ ብላችሁ፣ «ማን ብለን እንጥራህ?» በሉት።

ትናንት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እማዬ በስልክ «ማቴዎስዬ» ስትለው ይሰማል። እሱም ከወዲያ ማዶ እየሳቀ፣ «ስ»ዋን ረገጥ አድርጎ፣ «ማቴዎስ! ማቴዎስ!» ይላል።