ቪትዝ ላይ የሙቀት ጌጅ የለም፤ ቀዩ መብራት ብቻውን ይበቃል?

ቪትዝ ዘአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ2001 ሞዴል ቪትዝ ነው። ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ የሙቀት ጌጅ (ባለ ቀስት መለኪያ) የለውም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው። መኪናው አራት ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ ከአዳማ በኢተያ አሰላ ይመላለሳል። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች መንገዱ ሲሄድ ሽቅብ ነው። ቀዩ መብራት ሲበራ ሞተሩ ተጎድቷል ማለት ነው ወይስ ገና ጊዜ አለ? ጌጅ ማስገጠሙስ ያዋጣል?

ቴስታታ፦
ጊዜ አለ፣ ግን በጣም አጭር ነው። የቪትዝ ቴርሞስታት (ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ክፍል) 82 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታል፣ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ከ90 አለፍ ሲል ይነሳል። ቀዩ መብራት በብዙ መኪና የሚበራው ከ115 አካባቢ ጀምሮ ነው። በመካከል ያለውን ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ሹፌሩ አያየውም። የተደፈነ ራዲያተር፣ የሚንሸራተት የውሃ ፓምፕ ቺንጋ (ቀበቶ)፣ አንዴ ተነስቶ አንዴ የሚቀር ቬንትሌተር ሁሉም መጀመሪያ ምልክት የሚሰጡት እዚያ ውስጥ ነው። ጌጅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከጌጅ በፊት ግን የራዲያተሩን ክዳን እይ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ውሃ 94 ወይም 95 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የግፊት መጠኑ 0.9 የሚል ጤነኛ ክዳን እዚህ ንጹሕ ውሃን እስከ 115 ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል፤ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ደግሞ ጥቂት ዲግሪ ይጨምርበታል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይዝም፤ ውሃው ከ100 በታች ፈልቶ ይወጣል፣ ቀዩ መብራት ግን ገና አልበራም። ብዙ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚቆለመመው እንዲህ ነው። የጉድጓድ ውሃም አትጨምር፤ በስምጥ ሸለቆ ማዕድን ስለሚበዛው የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

ዲኤክስ 84፦
በጌጅም በጣም አትተማመኑ። በአዳዲስ መኪኖች ቀስቱ ሆን ተብሎ እንዲረጋ ተደርጓል፤ ሙቀቱ ከ80 ወደ 100 ቢወጣም መሃል ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሲነሳ ደግሞ በአንዴ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ሰው የሚያየው መንገዱን እንጂ ቀስቱን አይደለም። መብራት ዓይን ይጠራል።

ከዚህ የባሰው ውሃው ሲያልቅ የሚሆነው ነው። የሙቀት ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ነገር ነው። የራዲያተር ጎማ (የውሃ ቱቦ) ፈንድቶ ውሃው ከወጣ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀራል፤ ሞተሩ እየተቃጠለ ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛ ሊወርድ ይችላል። ዳገት ላይ ቀስቱ በድንገት ከወረደ «በረደልን» ብላችሁ አትቀጥሉ፣ ወዲያው አጥፉ። መብራቱም በዚያው ዓይነት መለኪያ ስለሚሠራ ላይበራ ይችላል።

በድሮ ኮሮላ ጌጁን መፈተሽ ቀላል ነው። የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉና ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ፤ ቀስቱ ታች መቆየት አለበት። ከዚያ ሽቦውን በ3.4 ዋት አምፖል በኩል ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ፤ ቀስቱ ወደ ሞቃት ከሄደ ጌጁና ሽቦው ደኅና ናቸው፣ የሚቀየረው ሴንሰሩ ነው።

የመኪና ኤሌክትሪክ፦
ለቪትዙ ሁለት አማራጭ አለ። ርካሹ ኢኤልኤም 327 የሚባለው፣ ኦቢዲ (የመኪናው ኮምፒዩተር መፈተሻ ሶኬት) ላይ የሚሰካው ነው፤ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ተገናኝቶ የኩላንቱን ሙቀት በቁጥር ያሳያል። ማስጠንቀቂያውን 104 ላይ አድርገው። ከመግዛትህ በፊት ግን ሞክረው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የዚያ ዘመን መኪኖች ሁሉ አያነቡትም። ደግሞም የሚያነበው ያንኑ የመኪናውን ሴንሰር ስለሆነ ከላይ የተነገረው ችግር እሱም አለበት።

የእኔ ምርጫ የብረቱን ሙቀት የሚለካ፣ የራሱ ጩኸት ያለው መለኪያ ነው። ቀለበት የመሰለው ጫፉ ቴርሞስታቱ አጠገብ፣ ቴስታታው ላይ ካለ ትንሽ ቡሎን ሥር ይታሰራል። ቴስታታውን ራሱን ያሰሩትን ቡሎኖች እንዳትነካ! ውሃ ኖረም አልኖረም ብረቱ ሲሞቅ ይጮኻል። ዳገት ላይ ጭነህ የሚያሳየውን ትልቁን ቁጥር ያዝና ጩኸቱን ከዚያ 10 ዲግሪ ከፍ አድርገው።

ሰማያዊዋንም አትናቃት። ሞተሩ ከተነሳ ሩብ ሰዓት ተነድቶም ካልጠፋች ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል ወይም ተነቅሎ ተጥሏል ማለት ነው።

ቪትዝ ዘአዳማ፦
አመሰግናለሁ፣ ክዳኑን ዛሬውኑ እቀይራለሁ። ዳገቱ መሃል ላይ ቀዩ ቢበራስ?

ቴስታታ፦
ኤሲውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ ዳር ይዘህ ቁም። እንፋሎት ከሌለ፣ ሥር የሚፈስ ውሃ ከሌለና ቬንትሌተሩ ከዞረ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) ተወው። መብራቱ ካልጠፋ፣ እንፋሎት ወይም የሚፈስ ውሃ ካለ፣ ወይም ቬንትሌተሩ ካልዞረ ሞተሩን ወዲያውኑ አጥፋ። ክዳኑን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትንካ፤ ቀዝቅዞም ቢሆን በወፍራም ጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ክፈት። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

ውሃውን ከሞላህ በኋላ አየሩን አስወጣ፦ ክዳኑን ክፍት፣ ማሞቂያውን ሞቃት ላይ አድርገህ ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ በሚኒሞ አሠራው፣ በጎደለ ቁጥር ሙላው። እየሠራ አረፋ ማውጣቱን ካላቆመ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሳይበላሽ አልቀረም፤ በዚያ መኪና ወደ አሰላ አትቀጥል።