የፖለቲከኛ የአፍ ወለምታ፦ አንዱ ወዲያው ይረሳል፣ ሌላው ዕድሜ ልክ ይከተላል። ለምን?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገን። አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጁላይ 2024 ዋሽንግተን ላይ በኔቶ ስብሰባ ባይደን ዘለንስኪን ወደ መድረክ ሲጋብዝ «ፕሬዝዳንት ፑቲን» ብሎ ጠራው። ወዲያው አረመ፣ ግን ማን ይሰማዋል! የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አጎቴ፣ የአጎቴ ሚስትና ዱባይ ያለች ዘመዳችን ተራ በተራ ለጠፉት። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ትራምፕ ኒው ሃምፕሸር ቆሞ በራሱ ፓርቲ የምትፎካከረውን ኒኪ ሄሊን ከዴሞክራቷ የቀድሞ አፈ ጉባኤ ከናንሲ ፔሎሲ ጋር አምታታት። ያውም ደጋግሞ። ጃንዋሪ 6፣ 2021 ደጋፊዎቹ የአሜሪካን ምክር ቤት (ካፒቶልን) ሲወሩ ጥበቃው የሄሊ ኃላፊነት ነበር አለ፣ እሷ ያኔ ምንም ሥልጣን ሳይኖራት። ይሄንን ለአጎቴ ስነግረው «ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

ሁለቱም ያምታቱት ስም ነው። ታዲያ ለምንድነው የአንዱ ብቻ እንዲህ የዞረው? ኢንተርኔቱ ነው ወይስ እኛው ነን?

ታዛቢ፦
እኛው ነን። ባይደን ላይ «አርጅቷል» የሚለው ወሬ ከዚያ ክሊፕ በፊት ለዓመታት ሲወራ ነበር፣ ስለዚህ ስም ሲሳሳት ሰዉ «ይኸው፣ አላልኩም?» አለ። ትራምፕን የሚጠላ ሰው የሚያነሳበት ሌላ ነው፤ ይዋሻል፣ ያጋንናል፣ ይሳደባል። ስም ማምታታቱ ከዚያ ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ ጠላቶቹም ብዙ አልሮጡበትም።

ይሄ ነገር ምን ድረስ እንደሚሄድ ለማየት የ2008ቷን የሪፐብሊካን ምክትል ፕሬዝዳንት ዕጩ ሳራ ፔሊንን ውሰዱ። «ሩሲያ ከቤቴ ትታየኛለች» ያለችው ማን ናት ብትሉ አብዛኛው ሰው ፔሊን ይላችኋል። አላለችም። 2008 ላይ ያለችው አላስካ ውስጥ ካለች ደሴት ሩሲያን ማየት ይቻላል ነው፣ ይሄ ደግሞ እውነት ነው። «ከቤቴ» የሚለው በቴሌቪዥን እሷን መስላ የተጫወተችው የኮሜዲያኗ የቲና ፌይ ቀልድ ነው። ቀልዱ የሴትየዋ ንግግር ሆኖ ቀረ፣ እስከ ዛሬም ብዙ ሰው የእሷ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የባይደንን ነገር ሁሉ በክሊፕ አታሳብቡ። ጁን 27 ከትራምፕ ጋር የተደረገው ክርክር 90 ደቂቃ ነበር፣ ማንም አልቆረጠውም፣ ሰዉ በቀጥታ ነው ያየው። ወር ሳይሞላ ከውድድሩ ወጣ።

ድምፅ ባለሙያው፦
እኔ የሠርግና የኮንሰርት ድምፅ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ይሄ ወሬ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የዴሞክራቶች የፕሬዝዳንት ዕጩ ለመሆን ይወዳደር የነበረው ሃዋርድ ዲን ነው። ጃንዋሪ 19፣ 2004፣ አይዋ። በዕጩ መምረጫው ዲን ሦስተኛ ወጥቷል፣ አዳራሹ በደጋፊ ጢም ብሏል፣ ሰዉ ይጮኻል። እሱም የግዛቶችን ስም እየጠራ ድምፁን ከፍ እያደረገ ሄደና መጨረሻ ላይ ያቺን ታዋቂ ጩኸት ለቀቃት።

የያዘው ማይክ አፍ አጠገብ ያለውን ድምፅ ብቻ የሚወስድ፣ የዙሪያውን ጫጫታ የሚቀንስ ዓይነት ነበር። ቴሌቪዥኖቹ ያስተላለፉት የዚያን ማይክ ድምፅ ነው። አዳራሹ ውስጥ ለነበሩት ጩኸቱ ከሕዝቡ ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ ምንም አልመሰላቸውም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየው ሰው ግን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ብቻውን ደም ሥሩ ተገታትሮ የሚጮህ ሰው ነው ያየው። ሠርግ ላይ እኮ ሁሌ ይገጥመኛል፤ ሽማግሌው ሲመርቁ የታዳሚውን ማይክ ዘግታችሁ ከቀረጻችሁ፣ «አሜን» ባዩ ይጠፋና ሰውየው ብቻቸውን የሚቆጡ ይመስላሉ። ጥፋቱ የሽማግሌው አይደለም።

ዩቲዩብ ያኔ ገና አልተፈጠረም። የኬብል ዜናዎቹ ለቀናት ደጋገሙት፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ጩኸቱን ከሙዚቃ ጋር እየቀላቀሉ ተቀባበሉት። የሚገርመው ዲን ራሱ በኢንተርኔት ገንዘብ ሰብስቦ የገነነ ሰው ነው። ሰው ሁሉ «ጩኸቱ ጣለው» ይላል፤ ኧረ ሰውየው የጮኸው ከተሸነፈ በኋላ ነው!

ሰላም ከአርሊንግተን፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ትንሽ ከቆያችሁ ለፖለቲከኛ ድንኳን ልትጥሉ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። 2006 ላይ ሴናተራችን ጆርጅ አለን ቅስቀሳ ላይ ቆሞ፣ የተቀናቃኙ ቡድን ንግግሩን እንዲቀርጽ የላከውን የህንድ ዝርያ ያለው ወጣት በጣቱ እያሳየ «ማካካ» አለው። የዝንጀሮ ዝርያ ስም ነው። አልበቃውም፣ «እንኳን ወደ አሜሪካ በደህና መጣህ» ብሎ ጨመረበት። ልጁ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። ካሜራው ደግሞ በልጁ እጅ ነበር!

ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ወጣ። አለን ለፕሬዝዳንትነት ሁሉ የሚታሰብ ሰው ነበር፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ድምፅ በሰጠበት ምርጫ ከ10 ሺህ ባነሰ ልዩነት ወንበሩን አጣ። በዚያች ወንበር የሴኔቱ አብላጫ ወደ ዴሞክራቶች ዞረ። ይሄን «አፉን አዳለጠው» ብዬ ልለፈው? ድሮ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ «ወደ አገርሽ» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም ነበር፣ እኔ ግን ካሜራ አልነበረኝም።

የሪፐብሊካኖቹ የፕሬዝዳንት ዕጩ ሮምኒም 2012 ላይ እንዲሁ ነው። ከሀብታም ለጋሾች ጋር በር ዘግቶ፣ 47 ከመቶው ሕዝብ መንግሥት ላይ የተንጠለጠለ ነው ሲል በድብቅ ተቀረጸ። ድምፅ ሲቆጠር እሱም ያገኘው 47 ከመቶ ገደማ ነው።

የለንደኑ፦
ሰላም እህቴ፣ ስለ አለን ልክ ነሽ። ግን ጫጫታ ሁሉ ድምፅ አይቀይርም። እዚህ 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን ምርጫ ሲቀሰቅስ ሮችዴል ከተማ ከአንዲት መራጭ ጋር ፈገግ ብሎ አወራና፣ የቴሌቪዥኑ ማይክ ኮቱ ላይ እንደተሰካ መኪና ውስጥ ገባ። «ጭፍን ጥላቻ ያለባት ሴትዮ» ሲል ተሰማ። በዚያው ቀን ሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ቀረጻውን ሲያሰሙት ፊቱን በእጁ ደግፎ አንገቱን ደፋ፤ ያ ምስል ከንግግሩ በላይ ዞረ። ከቤቷ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ በአገር ደረጃ ሥልጣኑን አጣ። ሮችዴልን ግን ማን ያሸነፈ ይመስልሻል? የራሱ ሌበር ፓርቲ።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሄሊውን ቪዲዮ ለአጎቴ ላኩለት። «ይሄ ኤአይ ነው» ብሎ መለሰልኝ። በቃ ተውኩት።

አባይ ዳር፦
የራሳችንን ረሳችሁት እኮ። ኦክቶበር 2020 ትራምፕ ቢሮው ተቀምጦ፣ ጋዜጠኞች ፊቱ ቆመው፣ ከያኔው የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሃምዶክና ከእስራኤሉ ኔታንያሁ ጋር በስልክ እያወራ ግብፆች ግድቡን «ያፈነዱታል» አለ። በማግስቱ የኛ ውጭ ጉዳይ የአሜሪካን አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ ጠየቀ። ፌስቡክ ላይ የዞረችው ያቺ አጭር ቁራጭ ናት፣ «ከአውዱ ተቆርጦ ነው» የሚልም አልጠፋም። እኔ ሙሉውን አየሁት። ሙሉው ይብሳል። ስምምነቱን ያፈረሰችው ኢትዮጵያ ናት፣ እስክትስማማ ድረስ ያንን የተያዘባትን የአሜሪካ እርዳታ ገንዘብ አታየውም ይላል። የቆረጠው ሰው ለትራምፕ ውለታ ነው የዋለለት።

ሰላም ከአርሊንግተን፦
ሙሉውን የት አገኘኸው? ሊንኩን ጣልልንማ።