የበር ካሜራ በአዳፕተር፣ በኔትወርክ ኬብል ወይስ በሁለቱም? ጥቆማ ከለገጣፎ

ሰሞኑን እዚህ ሰፈር ሁለት ጎረቤቶች ስለ አንድ ነገር ጠየቁኝ። የበሩ ካሜራ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አዳፕተሩንም ፓወር የሚልክ የኔትወርክ ኬብሉንም ብንሰካለት አንዱ ሲጠፋ ሌላው አይዘውም ወይ? ይይዘዋል፣ ግን እንዳሰባችሁት አይደለም። እኔም ከስሬ ነው ያወቅኩት።

የኔ ካሜራ አጥሩ በር ላይ ነው፣ ከቤት 40 ሜትር ገደማ ይርቃል። ጥበቃው ክፍል ሶኬት ስላለ 12 ቮልት አዳፕተር ሰካሁለት። ከቤት ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ ካለ የፒኦኢ ስዊች፣ ማለትም በኔትወርክ ኬብሉ ፓወርም ከሚልክ ማከፋፈያ፣ ኬብል ዘረጋሁ። በቃ፣ አሁን አይጠፋም አልኩ። መብራት ሄደ። ስልኬ ላይ ምስሉ ቀጥ አለ። ወደ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ተመለሰ። አጥር ለሚዘል ሰው አንድ ደቂቃ ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንቡን የጠበቀ ስዊች (802.3ኤኤፍ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው) ዝም ብሎ ፓወር አይለቅም። መጀመሪያ ትንሽ ቮልት ልኮ ጫፉ ላይ ፓወር የሚቀበል እቃ መኖሩን የሚነግር 25 ኪሎ ኦም የሚጠጋ ሬዚስተር አለ ወይ ብሎ ያያል። ካገኘ 48 ቮልት አካባቢ ይለቃል። ከዚያም መከታተሉን አይተውም። እቃው ከ10 ሚሊ አምፒር በታች መውሰድ ከጀመረ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ተነቅሏል ብሎ ይዘጋል። የኔ ካሜራ ሲበላ የነበረው ከአዳፕተሩ ነው። ስዊቹ ሥራ ሲያጣ ዘግቶ ተኝቷል። መብራት ሲሄድ እንደ አዲስ ይጠይቃል፣ ካሜራውም ከዜሮ ይነሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥቆማዬ፦ አዳፕተሩን ንቀሉት። ኬብሉ ብቻ ይሥራ፣ ስዊቹና ራውተሩ ቤት ውስጥ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ይህ ስዊች ከኬብል መሰኪያው 15.4 ዋት ይለቃል፣ 100 ሜትር ሄዶም ለእቃው 12.95 ዋት ይደርሰዋል። ለተራ ካሜራ ይተርፋል። የሚዞር ትልቅ ካሜራ ያላችሁ ግን 30 ዋት የሚለቀውን 802.3ኤቲ ፈልጉ።

ሚኒ ዩፒኤስ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ብዙዎቹ ላይ ፒኦኢ ተብሎ ተጽፏል፣ ጎኑ ላይ ግን 15 ወይም 24 ቮልት ይላል። እሱ ምንም ሳይጠይቅ የሚለቅ ነው። 24 ቮልት ለሚቀበል የማይክሮቲክ ራውተር ወይም ለድሮ የዩቢኩዊቲ አንቴና ይሆናል። 48 ቮልት ለሚጠብቅ ካሜራ ግን አይሆንም። አንዱን ገዝቼ ካሜራው አልበራ ሲለኝ ሻጩ በድፍረት «ካሜራው ነው የሞተው» አለኝ። ካሜራው እስካሁን ይሠራል። በ12 ቮልት መውጫው ራውተር ለማስነሳት ከሆነ ግን ሚኒ ዩፒኤስ ጥሩ እቃ ነው፣ አልጠላውም።

የለም፣ የግድ ሁለቱንም እፈልጋለሁ ለሚል የሰፈር የቴሌቪዥን ጠጋኝ ከካሜራ ገጣሚ ይሻላል። ገጣሚው ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር ያሽገዋል። የኛ ሰፈሩ ጠጋኝ ግን መጀመሪያ ቴስተሩን አወጣ። ከኬብሉ 12 ቮልት የሚያወጣውን ስፕሊተር ለካ፣ 12.0። አዳፕተሩን ለካ፣ 12.1። ከዚያ ስፕሊተሩ ላይ ሾትኪ ዳዮድ፣ አዳፕተሩ ላይ ተራ ዳዮድ በየዳቸው (ዳዮድ ፓወርን ባንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል)፣ ኔጌቲቮቹን አንድ ላይ አሰረ። ሾትኪው 0.3 ቮልት ገደማ ይበላል፣ ተራው 0.8 ገደማ። ስለዚህ ኬብሉ ከፍ ብሎ ይመግባል፣ አዳፕተሩ ተጠባባቂ ይሆናል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። አዳፕተር ጥያቄ ስለማያውቅ የኬብሉ ፓወር በተቋረጠባት ቅጽበት ይገባል፣ ካሜራው አይጠፋም። የካሜራው ጀርባ ላይ 12 ቮልት፣ ሲደመር ሲቀነስ 25 በመቶ ይላል፣ የተበላችው ቮልት አትጎዳውም። ሁለቱን ያለ ዳዮድ ማገናኘት ግን አንዱ ሌላውን እንዲመግብ ማድረግ ነው፣ እንዳትሞክሩት።

ኬብል መርካቶ ይረክሳል፣ መገናኛ ይወደዳል። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የሰማችሁት ነገ የለም። የትም ግዙ፣ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉ። ውስጡ ነጣ ካለ አሉሚኒየም ነው፣ ላዩን ብቻ መዳብ የተቀባ። ለኢንተርኔት ይሠራ ይሆናል፣ ፓወር ሲጫንበት ግን ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል፣ ይሞቃል። እኔ መርካቶ ሦስት ሱቅ ፍቄ አራተኛው ላይ ነው ንጹሕ መዳብ ያገኘሁት። ሦስተኛው ሻጭ ተቆጥቷል፣ ይቆጣ።

ሁለቱንም እንዲያገናኝ ገጣሚ ስትቀጥሩም ሂሳብ ሳትዘጉ ምስሉን ስልክ ላይ ክፈቱና አዳፕተሩን ንቀሉ፣ መልሱት፣ ከዚያ የስፕሊተሩን 12 ቮልት ንቀሉ። የኔትወርክ ኬብሉን ራሱን ግን አትንኩ፣ ምስሉም የሚመጣው በሱ ነው። ምስሉ ከቆመ አልጨረሰም ማለት ነው። ቴስተር የሌለው ጎረቤት ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ብቅ ይበል።