ዲሲ አካባቢ ላላችሁ፦ ያገለገለ ሌክሰስ፣ ቤንዝ ወይስ ቢኤም?

ጥያቄው ተመላልሶ ይመጣል። "20 ሺህ ዶላር አካባቢ አለኝ፤ አሁንስ ደህና መኪና መያዝ አምሮኛል። ምን ትመክረኛለህ?" ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን በልቡ ይዞ ነው የሚመጣው። ቤንዙን አይቶታል፣ ወዶታል፣ ፎቶውንም ለቤተሰብ ልኳል። የቀረው "እሰይ፣ ግዛው" የሚለው ሰው ነው። እኔ ግን መልሼ እጠይቀዋለሁ። የስንት ዓመተ ምህረት ምርት ነው? ሞተሩ የትኛው ነው? ሲበላሽስ የት ልታሠራው ነው?

የመጨረሻው ላይ ብዙዎች ዝም ይላሉ። እኔ ደግሞ ከመኪናው ይልቅ የምጨነቀው ስለ ማሠሪያው ነው። የሌክሰስ፣ የቢኤም፣ የቤንዝና የአውዲ የፋብሪካ ዋራንቲ በአዲስነታቸው 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ነው፤ የቀደመው ይቆጠራል። እኛ ጋ የሚደርሱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያ ካለቀ በኋላ ነው። ሌክሰስ ለሞተርና ለካምቢዮ 6 ዓመት ወይም 70 ሺህ ማይል ስለሚሰጥ ትንሽ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ከኪስ ነው።

እዚህ አካባቢ አንድ የተመቸን ነገር አለ። ሀበሻ መካኒክ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ አይጠፋም። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ግን እጃቸው የተፍታታው በቶዮታና በሌክሰስ ነው። ምርጫዬም ከዚሁ ይጀምራል።

ለአብዛኛው ሰው የምጠቁመው ሌክሰስ ኢኤስ 350 ነው፤ ከ2013 እስከ 2018 ያለውን። ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሞተሩ በቶዮታ ካምሪም የምናውቀው ዓይነት ስለሆነ መለዋወጫውም ልምዱም በየጋራዡ አለ። የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች አስተባብሮ የሚያዞረው፣ በየጊዜው የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጋ የለውም፤ በቺንጋው ፋንታ ያለው ቼይን (የብረት ሰንሰለት) ነው። የሚጠጣውም ተራውን ቤንዚን ነው። ጀርመኖቹ ፕሪሚየም ይፈልጋሉ። በወር አንዴ ለሚሞላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ደለስ ኤርፖርት ሲመላለስ ለሚውል ግን የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ነው።

ሲታይ ምኑ ይታይ? ኮፈኑን ክፈቱና በቺንጋው በኩል ወደ ውሃ ፖምፓው አካባቢ በስልካችሁ መብራት አብሩ። የቶዮታና የሌክሰስ የራዲያተር ፈሳሽ ሮዝ ነው። ፖምፓው ማፍሰስ ከጀመረ ፈሳሹ እዚያው ይደርቅና ሮዝ ዱቄት የመሰለ ቅርፊት ይሠራል። ያንን ካያችሁ ዋጋ መቀነሻ አገኛችሁ ማለት ነው እንጂ መኪናው ሞቷል ማለት አይደለም። ወደ 2007 እና 2008 የወረዱ ከሆነ ደግሞ የሞተር ዘይት የሚያመላልሰው ቱቦ የጎማ ክፍሉ በብረት ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ። ጎማው ከተቀደደ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ላይ ያልቃል።

ብዙ የምትነዱ ከሆነ ሃይብሪዱን (በቤንዚንና በባትሪ የሚሄደውን)፣ ኢኤስ 300ኤችን እዩ። ስለ ባትሪው የሚወራው ፍርሃት የተጋነነ ነው፤ ነገር ግን ኡበር ሲሠራ የኖረ ሃይብሪድ ስትገዙ የኋላ ወንበር አካባቢ ያለውን የባትሪ አየር መሳቢያ ሳታዩ እንዳትፈርሙ። ተሳፋሪ ሲወጣና ሲወርድ አቧራው፣ ፀጉሩ፣ የጃኬት ብናኙ እዚያ ይከማቻል። አየር ያጣ ባትሪ ይግላል፤ የጋለ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ማጽዳቱ ቀላል ሥራ ነው፤ የሚያስበው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሌክሰስ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ትንሹ አይኤስ 250 ቫልቮቹ ላይ ካርቦን በመጠራቀም የታወቀ ነው፤ ዋጋው ስለረከሰ ልጆች ይወዱታል፣ እኔ አልመክረውም። የ2022 እና የ2023 ኤልኤክስ 600 ሳይቀር በ2024 ሪኮል ተጠርቷል፤ ማለትም ኩባንያው ጉድለቱን በነፃ ለማስተካከል መልሶ ጠርቶታል። ፋብሪካ ውስጥ ሞተሩ ሲሠራ የብረት ፍርፋሪ ቀርቶበት ነው። ስሙ ብቻውን ምንም አያድንም።

ቢኤም እወዳለሁ። መሪው፣ መንገድ ላይ ያለው አያያዝ፣ ሌላ ነገር ነው። ግን ሞተሩን ሳያውቁ ቢኤም መግዛት ቁማር ነው። ከ2012 እስከ 2015 አካባቢ በባለ 4 ሲሊንደሮቹ 328 እና 528 ላይ የገባው ኤን20 የሚባለው ሞተር የታይሚንግ ቼይን መያዣው ፕላስቲክ ይሰባበራል። ጠዋት ሲነሳ ከታች የሚያፏጭ ድምፅ ከሰማችሁ በትህትና አመስግናችሁ ሂዱ። ኤን63 የሚባለው ቪ8ማ ዘይት በመብላት ስም ያወጣ ነው፤ 550 ወይም 750 በርካሽ አገኘሁ ያለ ሰው ለምን እንደረከሰ ይጠይቅ። በሌላ በኩል ከ2016 ወዲህ 340 ላይ የመጣው ቢ58፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ፣ መካኒኮችም የሚያመሰግኑት ሞተር ነው። ቢኤም ካማራችሁ ገንዘባችሁን ለእሱ አጠራቅሙ። ጎማውንም አትርሱ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት ሲተነፍስም በሚሄድ ጎማ ነው፤ ዋጋው ውድ ነው፣ መለዋወጫ ጎማም የላቸውም። ከክረምት በኋላ የዲሲን መንገድ ጉድጓድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ቤንዝ ላይ ብዙ ሰው የሚሳበው በኤምኤል 350 ነው። ሰፊ ነው፣ ግርማ አለው፣ ለሠርግም ለለቅሶም ይሆናል። ከ2006 እስከ 2012 የተሠሩት ኤምኤል፣ ጂኤልና አር ክላስ ግን በ2022 ለፍሬን ሪኮል ተጠርተዋል። የፍሬን ማገዣው ላይ ያለው የጎማ ሽፋን ሥር ዝገት ስለሚፈጠር ኩባንያው ባለቤቶቹን እስኪታይ ድረስ አትንዱ ነበር ያላቸው። ዛሬም እንዲህ ያለ መኪና ለሽያጭ ብታዩ ሪኮሉ መሠራቱን ሳታረጋግጡ ለሙከራ እንኳን አትንዱት። ከ2004 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በወጡት አንዳንድ የቤንዝ ቪ6 እና ቪ8 ሞተሮች ላይ ደግሞ እየተበላ የሚያልቅ ባለ ጥርስ ብረት አለ፤ ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት። በአየር የሚቆም ሰስፔንሽን ያለው ከሆነ ማታ አቁማችሁ ጠዋት እዩት። አንዱ ጎን ዝቅ ብሎ ካደረ ሂሳቡ ትልቅ ነው።

የቀሩትን ባጭሩ። ከ2009 እስከ 2011 ያለው ባለ 2.0 ሊትር አውዲ ኤ4 ዘይት ይበላል፤ ይለፋችሁ። አኩራ ኤምዲኤክስ ለቤተሰብ ጥሩ ነው፤ ቪ6ቱ ግን ቼይን ሳይሆን ቺንጋ ስላለው 100 ሺህ ማይል አካባቢ የደረሰ ከሆነ የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቁ። ጀነሲስ ጂ80 በዋጋው ሲታይ ቅምጥል መኪና ነው። ሻጩ "10 ዓመት፣ 100 ሺህ ማይል ዋራንቲ አለው" ሲላችሁ ግን ያ የሞተርና የካምቢዮ ዋራንቲ በሙሉ የሚሠራው ለመጀመሪያው ባለቤት መሆኑን እወቁ። ሁለተኛው ገዢ ከዲለሩ በሰርቲፋይድ (ዲለሩ መርምሮ ከኩባንያው ዋራንቲ ጋር በሚሸጠው) ካልገዛው በቀር ያጥርበታል። ሬንጅ ሮቨር? ሌላ መኪና ያለው ሰው ይግዛው።

አሁን ወደ ዲለር ሰርቪስ። ሌክሰስ ስሙን የሠራው በመኪናው ብቻ አይደለም። በ1989 ሥራ እንደጀመረ በወራት ውስጥ ኤልኤስ 400 ላይ ችግር ተገኘና 8 ሺህ ያህል መኪና ጠራ። ዲለሮቹ ግን ባለቤቶቹን ኑ አላሉም። ቤታቸው ሄደው መኪናውን ወሰዱ፣ ተለዋጭ ሰጡ፣ ሠርተው፣ አጥበው፣ ቤንዚን ሞልተው መለሱ። ዛሬም የሌክሰስ ሰርቪስ ውስጥ የዚያ ጠባይ ርዝራዥ ይታያል። ቡናው አለ፣ ተለዋጭ መኪና ይሰጣል፣ ሰው ያነጋግራችኋል። ጀነሲስ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ወይም 36 ሺህ ማይል መኪናውን ከቤት ወስዶ ይመልሳል፤ ሥራ ለሚበዛበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የትም ሂዱ የትም ግን የሰርቪስ አማካሪው ብዙ ጊዜ በሸጠው ልክ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው መሆኑን አትርሱ። ዘይት ልታስቀይሩ ትገባላችሁ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ ወረቀት ይመጣል። አንዳንዶቹ እንዲያውም ቪዲዮ በስልክ ይልካሉ፤ መካኒኩ ባትሪ አብርቶ ከሥር እያሳየ ያወራል። ቪዲዮው ጥሩ ነው፤ ተጠቀሙበት። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን እዩ። የፍሬን ሸራ 7 ሚሊ ሜትር ከቀረው ገና ነው፤ ወደ 3 ሲወርድ ነው የሚያሳስበው። የካቢን አየር ፊልትሮ ለመቀየር የሚጠይቁት ዋጋ ያስቃል። ብዙ ሌክሰስ ላይ ከፊት ተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን ከፍታችሁ ጎንና ጎኑን ጨመቅ ስታደርጉት ወርዶ ይንጠለጠላል፤ ፊልትሮው ከኋላው ነው። ስባችሁ ታወጣላችሁ፣ አዲሱን ትከታላችሁ። ስክሩ የለ፣ መፍቻ የለ። የጀርመን መኪና ላይ "የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ" ሲሏችሁ ግን አትከራከሩ፤ እሱ የፋብሪካው መመሪያ ነው።

አንድ ወዳጄ ቢኤሙ ዘይት እያንጠባጠበ አንድ ቨርጂኒያ ያለ ዲለር ወሰደው። ይዞ የተመለሰው ወረቀት ከጓርኒሲዮን እስከ ሞተር መያዣ ድረስ ረጅም ዝርዝር ነበረው፤ ድምሩ መኪናው ከሚያወጣው ግማሽ ይጠጋል። በቢኤም ብቻ የሚሠራ የግል ጋራዥ ሲያየው የዘይት ፊልትሮ መያዣው ጓርኒሲዮን ብቻ ነበር። ቀየረው፣ አለቀ። ዲለሩ ዋሽቷል አልልም። "ወደፊት ሊበላሽ ይችላል" እና "ተበላሽቷል" አንድ ቀለም ተቀብተው ነበር የመጡት። አማካሪውን "ዛሬ ካልተሠራ የማያስነዳኝ የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ዝርዝሩ ሲያጥር ታያላችሁ።

"ውጪ ካሠራሁ ዋራንቲዬ ይሰረዛል" የሚባለውም ልክ አይደለም። በ1975 የወጣው የፌዴራል የዋራንቲ ሕግ ዲለር ዘንድ ብቻ ካላሠራችሁ ብሎ ዋራንቲ መከልከልን አይፈቅድም። ደረሰኝ ግን ያዙ። ቀኑ፣ ማይሉና የዘይቱ ዓይነት ይጻፍበት። ሪኮል ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ዲለር ሂዱ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ባለቤት ብትሆኑ ክፍያ የለውም። የሻሲ ቁጥሩን የመንግሥቱ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል።

የጀርመን መኪና ወደ ሀበሻ መካኒክ ስትወስዱ ማፈር የለም፤ የኮምፒውተር መመርመሪያ መሣሪያውን ጠይቁ። ለቤንዝ ዜንትሪ፣ ለቢኤም ኢስታ ወይም እነሱን የሚተካ አለው ወይ? ቢኤም ባትሪ እንኳን ሲቀየር በኮምፒውተር መመዝገብ አለበት። "ኧረ ይሄማ ችግር የለውም" ብሎ ባትሪውን ብቻ ቀይሮ የሚሰጥ ሰው ጎበዝ ቢሆንም ለቢኤም አይሆንም። ለሌክሰሳችሁ ያዙት።

ሲገዛ ያለው ነገር እንደየግዛቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የሴፍቲ ኢንስፔክሽን አለ፤ ሜሪላንድ መኪናው ሲሸጥ ነው፤ ዲሲ ለግል መኪና ትታዋለች። ኢንስፔክሽን አለፈ ማለት ግን ፍሬኑ፣ ጎማውና መብራቱ ደህና ነው ማለት ነው እንጂ ሞተሩን ማንም አላየውም። ስለዚህ የራሳችሁን መካኒክ ያዙ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲቆያችሁም ለሻጩ አስቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቀጥሩት። የዲለር የወረቀት ክፍያ ሜሪላንድ በሕግ ጣሪያ አለው፤ ቨርጂኒያ የለውም። ዋጋ ስትጠይቁ "ሁሉንም ጨምሮ ስንት?" በሉ።

ሰርቲፋይድ ከተባለ ደግሞ ልዩነቱን እዩ። ቢኤምና ቤንዝ ከፋብሪካው ዋራንቲ በኋላ 1 ዓመት ይጨምራሉ፤ ሌክሰስ 2። የፋይናንስ ክፍሉ የሚሸጥላችሁ ተጨማሪ ዋራንቲ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ላይ ቸኩላችሁ አትፈርሙ። ኡበር ወይም ሊሞ የምትሠሩ ሰዎች በተለይ፣ ብዙዎቹ ውሎች ለንግድ የዋለን መኪና አይሸፍኑም። ሰውየው "ኖ ፕሮብሌም" ሲላችሁ "የትኛው ገጽ ላይ ነው የተጻፈው?" በሉት። ገጹን ካላሳያችሁ ገንዘቡን ለፍሬን ሸራና ለጎማ አስቀምጡት።