አስቸኳይ፦ የእናቴን የዳሌ አጥንት «ብናኝ በላው» ተባልን

የሰፈሯ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ ዳሌዋን ካስቀየረች 13 ዓመቷ ነው። ሰሞኑን ከወንበር ስትነሳ ጭኗን ይዛ «ወይኔ» ትላለች፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄደች በኋላ ይለቃታል። ዛሬ ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ብረቱ ጥግ ያለውን ጥቁር ነገር በእስክሪብቶ አሳየንና «ብናኙ አጥንቱን በልቶታል» ብሎ ለሰኞ ቀጠረን። የምን ብናኝ? ካንሰር ነው እንዴ?

አባ ቡና፦ አይዞሽ እህቴ። ካልሲየም ትጀምር፤ እናቴን ያዳናት እሱ ነው።

ጌታነህ፦ ብረት አጥንት አይበላም። ዝጎ ነው። ርካሽ ቦታ አሠርታችሁ ይሆናል።

የሰፈሯ ልጅ፦ ርካሽ?! መኪና ሸጠን ነው ህንድ የወሰድናት!

ሲስተር (ኦርቶ)፦ ጌታነህ፣ ተወው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ብረቱ ሳይሆን ፕላስቲኩ ነው። ኳሱ የሚሽከረከረው ፖሊኢትሊን በሚባል ፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ዓይን የማያየው ዱቄት ይረግፋል፤ በጣም የሚያስቸግረው ደግሞ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ ያነሰው ነው። ማክሮፋጅ የሚባሉት የሰውነት ጽዳተኞች እንደ ባክቴሪያ ይውጡታል፤ መፍጨት ግን አይችሉም። ሲያቅታቸው ቲኤንኤፍ አልፋና ኢንተርሉኪን የሚባሉ የጥሪ ኬሚካሎች ይረጫሉ። ጥሪው የሚቀሰቅሰው ኦስቲዮክላስትን፣ አጥንት አፍራሹን ሴል ነው። አጥንቱን የሚበላው እንግዲህ የራሷ ሴል ነው፤ ጥቁሩም አጥንት የጎደለበት ቦታ ነው። ሐኪሙ ይህን ከሆነ ያለው ካንሰር ማለቱ አይደለም። ቻርንሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እኮ መጀመሪያ ጽዋውን በቴፍሎን ነበር የሠራው፤ በጥቂት ዓመታት አለቀበት። ቁሱን የገዛ ጭኑ ውስጥ ቀብሮ እስከ መሞከር ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ፖሊኢትሊን ዞረ።

ሳቂታው፦ ቴፍሎን? የኛ መጥበሻ? ሲስተር፣ ፈተና አለው እንዴ ይሄ?

ዲሲ ነዋሪ፦ ኮባልት፣ ከብረቱ የሚረግፈው ማዕድን፣ በደሟ ይለካ! አማቴ ብረት በብረት ነበር የተገጠመለት፣ ጆሮው ሁሉ ደከመ። ዲፑይ ኤኤስአር የሚባለው ብረት በብረት ዳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 ከገበያ ተሰብስቧል እኮ።

ሲስተር (ኦርቶ)፦ ኳሱም ጽዋውም ብረት ከሆነ ልክ ነህ፣ እንግሊዞች በሊትር ደም ከ7 ማይክሮግራም በላይ ሲሆን በቅርብ ይከታተላሉ። የሷ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ቀዳሚው ምርመራ እሱ አይደለም። መጀመሪያ የተገጠመላት ምን እንደሆነ ይታወቅ።

አባ ቡና፦ ካልሲየሙን አትርሺ።

ሲስተር (ኦርቶ)፦ አባ፣ ካልሲየም ብናኝ አያጠፋም።

ከአዳማ፦ አጭር ልበል። ከህንድ የመጣውን የመውጫ ወረቀት ፈልጊ። ባርኮድ ያላቸው ትንንሽ ተለጣፊዎች አሉበት፤ ቁሱና መጠኑ እዚያ ላይ ነው። የድሮ ራጅ ካለ ያዙ፣ ሐኪሙ ጎን ለጎን ያያቸዋል። ሲነሱ ማመሙ ብረቱ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ኢንፌክሽንም እንደዚህ ስለሚያስመስል ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉትን የደም ምርመራዎች አሠሩ። ከፍ ካለ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ይቀዳል። ያ ሳይቀዳ ማንም አንቲባዮቲክ እንዳያስጀምራት፣ ምርመራውን ያበላሸዋል። እስከ ሰኞ በክራንች ትሂድ፤ የሳሳ አጥንት ላይ መውደቅ ሌላ ጣጣ ነው።

ጌታነህ፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ሳቂታው፦ አንተማ ዝገት ነበር ያልከው 😂

የሰፈሯ ልጅ፦ አገኘሁት! ሳጥኗ ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር። ተለጣፊው አራት ነው፣ የአንዱ ቀለም ጠፍቷል። አንዱ «ፌሞራል ሄድ 28» ይላል። ምንድነው?

ከአዳማ፦ ኳሱ ነው፣ 28 ሚሊሜትር። ከጎኑ ኮባልት ክሮም ወይም ሴራሚክ ይላል? «ላይነር» የሚለውንም እይው፣ የጽዋው ውስጠኛ ሽፋን ነው፤ ፖሊኢትሊን ካለ ፕላስቲክ ነው።

ሲስተር (ኦርቶ)፦ ፎቶውን ለጥፊው እስቲ። የጠፋውንም ጭምር።

ዲሲ ነዋሪ፦ ምን ይላል? ሰኞስ እንዴት ሆነ?

አባ ቡና፦ ካልሲየሙን ጀመረች?