«ሲሚንቶ ቢቀባ ምን ይጎድላል?»፦ በዋሽንግተን ዲሲ ሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ጣቢያዎች ላይ የተነሣ ክርክር

የቀዩ መስመር፦ ትናንት አንድ የቡድናችን አባል የዩኒየን ጣቢያን ፎቶግራፍ ለጥፈው፣ «ነጭ ከተቀባ ወዲህ ሰው ከሰው መተያየት ጀመረ፤ ሌሎቹም ቢቀቡ ምን ይጎድላል? ሲሚንቶ እንጂ ቅርስ አይደለም» ብለው ጻፉ። አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። አርክቴክቱ ሃሪ ዊዝ እነዚህን ጣቢያዎች ሲነድፍ ጌጡን ከላይ አልለጠፈውም፤ ተሸካሚው ኮንክሪት ራሱ ጌጥ እንዲሆን አደረገ እንጂ። 180 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቅስት መሐሉ ላይ አንድም ዓምድ ሳይኖር መሳፈሪያውንና ሐዲዱን በአንድነት ሲያለብስ ቆሞ ያየ ሰው «ሲሚንቶ ነው» ብሎ አያልፍም። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ለሥራው የ25 ዓመት ሽልማቱን፣ ማለትም ዘመን ለተሻገረ ሥራ የሚሰጠውን ሽልማት፣ የሰጠው በከንቱ አይደለም።

የማታ ፈረቃ፦ ጻፊው እኔ ነኝ፤ ስሜን ለመጥራት አይፈሩ። ከሥራ የምወጣው ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ በምሳፈርበት ጣቢያ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የስልኬን መብራት ካላበራሁ በስተቀር የቦርሳዬን ዚፕ እንኳ አላገኘውም። ሽልማቱ መብራት አይሆነኝም።

ግንበኛው፦ ወንድሜ፣ ጨለማውን አልክድም፤ ምክንያቱን ግን እንለይ። በእነዚህ ጣቢያዎች መብራቱ ከጣሪያ አልተንጠለጠለም። በሐዲዶቹ መካከልና በግድግዳው ግርጌ ተሸሽጎ ወደ ላይ ይበራል፤ ቅስቱም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ እኛ ይመልሰዋል። የብርሃን አማካሪው ዊልያም ላም ያሰበው ይህንኑ ነበር። ኮንክሪቱ ለዓመታት የፍሬን ብናኝ ሲጠጣ ምን ይመልሳል? ስለዚህ መታጠብ ያለበት ታጥቦ አምፖሉ ይለወጥ። ቀለም ግን አንድ ጊዜ ከተቀባ ይላጣል፤ ሲላጥ እንደገና መቀባት ግድ ነው። «ምን ይጎድላል?» ብለው ጠይቀው ነበርና መልሱ፦ የቀለም በጀት ይጎድላል።

የማታ ፈረቃ፦ «ይታጠብ» ማለት ለአፍ አይከብድም። በሐዲዱ መሐል ያለውን አምፖል ለመለወጥ የኤሌክትሪኩ ኃይል መቋረጥ፣ ባቡሩም መቆም አለበት፤ ስለዚህ የሚሠራው ሌሊት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው። ለመጠገን እንዲህ የሚያስቸግረውን መብራት የነደፈውም ያው የምታመሰግኑት ሰው አይደለም እንዴ?

ዘጠነኛና ዩ፦ እናንተ ጣሪያ ጣሪያውን ታያላችሁ፤ እኔ የምጠይቀው ስለተቆፈረው ነው። የዩ ስትሪት ጣቢያ የተሠራው መንገዱን ከላይ ቆርጦ በመቆፈር ነበር። እስከ ተከፈተበት እስከ ግንቦት 1991 (እ.ኤ.አ.) ድረስ መንገዱ ጉድጓድና አጥር ሆኖ ስለቆየ ብዙ ሱቆች ደንበኛ አጥተው ተዘጉ፤ ቤንስ ቺሊ ቦውል የተባለውን ምግብ ቤት የመሰሉ ጥቂቶች ናቸው ችለው የከረሙት። የእኛ ኢትዮጵያውያን በዘጠነኛው መንገድና በዩ ማዕዘን ምግብ ቤቶቻቸውን የከፈቱበት ሰፈር ይህን ያየ ሰፈር ነው። ምን እንደሚጎድል የዚያን ዘመን ነጋዴዎች ጠይቁ።

የቀዩ መስመር፦ ይህ የቁፋሮው ስልት ጉዳይ ነው፤ በአርክቴክቱ ላይ ለምን ይጫናል? የዱፖንት ሰርክል ጣቢያ መንገዱ ሳይነሣ በዓለት ውስጥ ተፈልፍሏል። የፎረስት ግሌን ጣቢያ 60 ሜትር ያህል ጥልቅ ስለሆነ ሰው የሚገባውና የሚወጣው በአሳንሰር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ መሬቱ የፈቀደውን መንገድ ተከትሏል።

ዘጠነኛና ዩ፦ «መሬቱ የፈቀደውን» አሉ? መሬቱ ሳይሆን ገንዘቡና ቸልታው ነው የፈቀደው እላለሁ።

የእናቴ ልጅ፦ አሳንሰር ከተነሣ እኔም ልናገር። የመጀመሪያው መስመር መጋቢት 27 ቀን 1976 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት ባቡሩ የጋለሪ ፕሌስን ጣቢያ ሳይቆምበት ያልፈው ነበር፤ ለአካል ጉዳተኞች አሳንሰር ስላልተዘጋጀ ፍርድ ቤት አግዶት እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ቆየ። ያን ሁሉ ቅስት ሲያሳምሩ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው መኖሩ አልታሰባቸውም ነበር። ባለፈው ሳምንት እናቴን ሐኪም ቤት ላደርስ ወጥቼ የአንዱ ጣቢያ አሳንሰር ተበላሽቶ ጠበቀን፤ እስከ ሚቀጥለው ጣቢያ ሄደን በአውቶቡስ ተመለስን። እሷ ያን ዕለት ቀና ብላ ቅስት አላየችም።

ግንበኛው፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ሁሉም ነገር በዊዝ ላይ ሲቆለል ልክ አይደለም። ቅስቱን እንኳ ብቻውን አላመጣውም፤ የመጀመሪያ ንድፎቹን የዋና ከተማዋን ግንባታዎች ንድፍ የሚገመግመው የሥነ ጥበባት ኮሚሽን አልቀበልም ብሎ መልሶበታል፤ የኮሚሽኑ አባል የነበረው አርክቴክት ጎርደን በንሻፍትም አንድ ወጥ ቅስት እንዲሆን ገፍቶበታል።

የቀዩ መስመር፦ ስለዚህ የዊዝ አይደለም ልትሉን ነው? የጠፋውን ፈልጎ ያገኘ ሰው ሌላው ሥፍራውን ጠቆመው ተብሎ ያገኘው እርሱ አይደለም አይባልም።

ግንበኛው፦ «ብቻውን» አልኩ እንጂ «አይደለም» አላልኩም። የጻፍኩትን ያንብቡ።

የማታ ፈረቃ፦ እንዲህ ከቀጠልን ላሊበላ ጋር እስክታነጻጽሩት ብዙ አይቀረንም።

የቀዩ መስመር፦ እርስዎ አመጡት እንጂ እኛ አላነሣነውም። ይልቅስ ነገ ሲሳፈሩ መለስተኛውን ፎቅ ይመልከቱ፤ ግድግዳውን አይነካም። ሰው እጁን ሰዶ እንዳይጽፍበትና እንዳያቆሽሸው ሆን ተብሎ ክፍተት ተተወለት። በመሳፈሪያው ጠርዝ ባለው ግራናይት ውስጥ የተቀበሩት መብራቶች ባቡር ሲቃረብ ብልጭ ድርግም የሚሉትም መስማት ለማይችለው ጭምር ይጠቅማሉ። እንዲህ ያሰበ ሰው «ሲሚንቶ» ተብሎ አይሸኝም።

የማታ ፈረቃ፦ ያሰበ ሰው ዝናብ በጫማ ሲገባ የሚያዳልጠውን ባለ ስድስት ማዕዘን ሸክላ ንጣፍ ባልመረጠም ነበር። ለማንኛውም እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኒየን ሲቀባ የአርክቴክቶች ተቋሙ የዋሽንግተን ቅርንጫፍ ተቃውሞውን አሰምቶ ነበር፤ ቀለሙ ግን አልተነሣም። እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ ጋዜጣዬን አነባለሁ።

ዘጠነኛና ዩ፦ ነገሩ ከዩ ስትሪት ተነሥቶ ጋዜጣ ላይ ደረሰ። የነጋዴዎቹን ጥያቄ የመለሰልኝ ግን የለም።

ግንበኛው፦ የቀለሙን ጥያቄም የመለሱልኝ የለም፤ ሲላጥ የሚቀባው ማነው?

የማታ ፈረቃ፦ ሲላጥ እንነጋገራለን። አሁን ፈረቃዬ ደርሷል። የተባለውን ቅስት ዛሬ ሌሊት ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ከታየኝ።